የደንበኞቻችሁ መረጃ ከሱቃችሁ እንዳይወጣ፦ ከአንድ ጠለፋ በኋላ ያደረግነው

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ። ለሠርግ ካባም ታከራያለች። አንድ ቀን ጠዋት ከደንበኛዋ በቴሌግራም መልእክት መጣላት። «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ በዚህ ሊንክ ገብተሽ ድምፅ ስጪልኝ» ይላል። የምታውቃት ሴት ናት፤ ምን ብላ ትጠርጥር? ነካችው። ስልክ ቁጥር ጠየቃት፣ አስገባች። ቀጥሎ የመጣላትን ባለ አምስት አሃዝ የቴሌግራም መግቢያ ኮድም አስገባች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በእሷ ስም ለደንበኞቿ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ እስከ ማታ 5 ሺህ ብር ላኪልኝ» የሚል መልእክት ይበተን ነበር። ሁለት ሰዎች ልከዋል።

እኔን ከብሩ በላይ የከነከነኝ ቻቱ ውስጥ የነበረው ነው። የደንበኛ ስልክ፣ የቤት አድራሻ፣ የልብስ ልክ፣ ለካባ መያዣ ተብሎ የተላከ መታወቂያ።

«የእኔን ትንሽ ሱቅ ማን ብሎ?» የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ታርጌት ከተባለ ትልቅ የሱቆች ድርጅት የ40 ሚሊዮን ካርዶች መረጃ ሲዘረፍ፣ ሌቦቹ የገቡት ለሱቆቹ የማቀዝቀዣ ሥራ ይሠራ ከነበረ አነስተኛ ድርጅት በሰረቁት የይለፍ ቃል ነው። እንግዲህ ትንሽ መሆን አይሸሽግም።

ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ያደረግነውን በተራ ልንገራችሁ። አብዛኛው ብር አያስወጣም።

1. ያላችሁን ጻፉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። የሰው መረጃ የትኛው አለን? የት ነው ያለው? ማን ይከፍተዋል? ዛሬም ያስፈልገናል?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ሥራ ያበዛችብን። የጓደኛዬን ስልክ ጋለሪ ስንከፍት በልጇ የልደት ፎቶዎች መሃል የሰው መታወቂያ ተሰግስጓል። ካባውን ከመለሰ ሦስት ዓመት ያለፈው ሰው ሳይቀር አለ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ስናጠፋ ዋልን። ጋለሪው ላይ ማጥፋት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተጠፉ ፎቶዎች የሚቀመጡበት ፎልደር አለ፣ እሱንም ባዶ አድርጉ። ጎግል ፎቶስ ላይም ተመልከቱ። አሁን ካባው ሲመለስ የመታወቂያው ፎቶ እዚያው ደንበኛው ፊት ይጠፋል።

2. ቴሌግራሙን ቆልፉ

ብዙው ሱቅ የሚሠራው በቴሌግራም ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለውን ክፈቱ። «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚል ታገኛላችሁ። እዚያ የራሳችሁን የይለፍ ቃል አስገቡ፣ መልሶ ማግኛ ኢሜይልም ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ኮዱን የሰረቀ ሰው በኮዱ ብቻ አይገባም። የይለፍ ቃሉንም አታልሎ ካልተቀበላችሁ በስተቀር ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ለማንም አትስጡ። ቴሌግራም ነኝ ለሚልም ቢሆን።

ቀጥሎ «ዲቫይስስ» የሚለውን ተመልከቱ። አካውንታችሁ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ተዘርዝረዋል። የማታውቁት ካለ አስወጡ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አዲስ የገባ ሰው የቀድሞዎቹን ስልኮች ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው። ባለቤቱ ግን ወዲያው ሊያባርረው ይችላል። ጓደኛዬ ይህን ብታውቅ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ትገላገል ነበር። እኛ የደረስንበት ማታ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ያልጠበቅነው አገኘን። ከስድስት ወር በፊት ሥራ የለቀቀች ሻጭ ኮምፒውተር እስካሁን ክፍት ነው። ልጅቷ ምንም አላደረገችም። ግን ሠራተኛ ሲሰናበት የሱቅ ቁልፍ እንደምትቀበሉ ሁሉ፣ የዚያኑ ቀን ከአካውንቶች አስወጡ፣ የቻናል አድሚንነቱንም አንሱ፣ የዋይፋዩንም ይለፍ ቃል ቀይሩ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውንም ወረቀት እግረ መንገዳችሁን አንሱት።

3. አንድ ይለፍ ቃል ለሁሉም አይሁን

ኢሜይሉን አስቀድሙ፤ ሌላው ሁሉ የሚታደሰው በእሱ ነው። አራት አምስት የማይገናኙ ቃላት ደርድሩ፣ ለምሳሌ ጤፍ ሰማያዊ ታክሲ ሙዳይ፣ በላቲን ፊደል እየጻፋችሁ። (ይህችን ራሷን ግን አትውሰዱ፤ አሁን ሁሉም አይቷታል።) የይለፍ ቃል መያዣ አፕ ከተመቻችሁ ጥሩ፣ ቢትዋርደን በነፃ ይሠራል። ካልተመቻችሁ በደብተር ጽፋችሁ ቤት ቆልፋችሁ አስቀምጡ። በደብተር አይጻፍ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ቃል ከመጠቀም ደብተሩን እመርጣለሁ። የቴሌብርና የባንክ ፒን ግን ደብተር ላይም አይጻፍ፣ ለሻጭም አይሰጥ።

4. ኮምፒውተሩ

ክራክ የተደረገ (ሳይገዛ በሕገወጥ መንገድ የተከፈተ) ዊንዶውስና የሒሳብ ሶፍትዌር የሌለበት ቢሮ ማግኘት ከባድ ነው። ችግሩ ክራኩ ራሱ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ መቻሉ ነው፤ ብዙ ጊዜም አፕዴቱን ያጠፋዋል። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ መከላከያው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ዛሬ እዩ።

ሒሳባችሁንና የደንበኛ ዝርዝራችሁን በየሳምንቱ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ሲያልቅ ንቀሉት። ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ፋይል ከፍታችሁ መሥራቱን አረጋግጡ።

5. ስልክ ለጥገና ሲሄድ

ሲምና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ። ስክሪን ለመቀየር ፓስወርድ አያስፈልግም፤ ጠጋኙ ልሞክረው ካለ ቆማችሁ ራሳችሁ ክፈቱለት። አንዳንድ ሳምሰንጎች ለዚሁ የሚሆን «ሜንተናንስ ሞድ» አላቸው፣ ፎቶና መልእክት ይደብቃል።

6. መረጃው ከወጣ በኋላ

መጀመሪያ ጠላፊውን ከአካውንቱ አስወጡ፣ የይለፍ ቃል ቀይሩ። የባንክ ነገር ካለበት ለባንኩ ደውሉ። ለኢንሳም (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) በ933 ማሳወቅ ትችላላችሁ። ምንም ሳታጠፉ የመልእክቶቹን ስክሪንሾት ያዙ፤ ፖሊስ ይጠይቃችኋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ እንዲህ ዓይነት ጥሰት ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲነገር ይላል። ሰዓቱ ቶሎ ይሄዳል።

ከዚያ ለደንበኞች መንገር አለ። ጓደኛዬ ይህን ፈርታ ሁለት ቀን አቆየችው። በመጨረሻ የላከችው ይህ ነው፦

«ሰላም ደንበኞቼ። ማክሰኞ ዕለት የቴሌግራም አካውንቴ ተጠልፎ ነበር። ስልክ ቁጥራችሁ፣ አድራሻችሁ፣ ካባ የተከራያችሁ ደግሞ የመታወቂያችሁ ፎቶ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በእኔ ስም ብር የጠየቃችሁ ካለ አትላኩ፣ ደውሉልኝ። ባንክ ነኝ ብሎ ኮድ የሚጠይቃችሁም ካለ አትስጡ። አስቀድሜ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር፣ ይቅርታ።»

ብዙዎቹ ደውለው አይዞሽ አሏት። አንዷ መታወቂያዋ ስንት ቀን በጓደኛዬ ስልክ ላይ እንደቆየ ጠየቀቻት። ሁለት ዓመት ነበር፤ እውነቱን ነገረቻት።