ማበረታቻ ከመክፈልዎ በፊት

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ 9 ሰው የሚሠራበት የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ዋናው ሥራችን የተማሪ ዩኒፎርም ስለሆነ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ እንቅልፍ የለንም። ከአራት ዓመት በፊት ሥራው ሲከመርብኝ፣ ከቀኑ ኮታ በላይ ለሚሰፋ ለእያንዳንዱ ሱሪ 5 ብር እንደምጨምር አስታወቅሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩ ጨመረ። በሦስተኛው ሳምንት ወላጆች መቀመጫው ላይ የተተረተረ ሱሪ ይዘው ይመጡ ጀመር። ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ለአዲስ ገቢዎች ኪስ አገጣጠም ታሳይ የነበረችው ነባር ሠራተኛዬ፣ «ጋሼ፣ እሷን ሳሳይ የእኔ ሱሪ ይቀራል» ብላ ወደ ማሽኗ ዞረች። ለማስተማሯ ከፍያት አላውቅም፤ ደስ ስለሚላት ነበር የምታደርገው። ያንን ደስታ በ5 ብር አበላሸሁት።

ሰውን ለሥራ የሚያነሳሳው ምን እንደሆነ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። እርስዎም ሰው የሚያሠሩ ከሆነ፣ ማበረታቻ ከማሰብዎ በፊት የሚያስመርረውን ይፈልጉ። ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ በፒትስበርግ አካባቢ የሚሠሩ ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን በሥራቸው በጣም ደስ ያላቸውንና በጣም የከፋቸውን ጊዜ እንዲተርኩ ጠየቀ። የከፋቸው በአብዛኛው በአለቃ፣ በደንብና በሥራ ሁኔታ ነበር፤ ደስ ያላቸው ደግሞ ሥራው ራሱ ሲሳካና ሲታወቅላቸው። ሰው ጥፋቱን በሌላው ላይ መጣል ስለሚቀናው ውጤቱ አያስተማምንም ብለው የተቹት አሉ፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ጥያቄዎቹ ግን ወርቅ ናቸው። እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው፣ ቡና ይዘው ይጠይቁት፦ «እዚህ ቤት በጣም ደስ ያለህ ቀን የቱ ነው? የከፋህስ?» መልሱ ምንም ቢሆን አይከራከሩ፤ ይጻፉት። እኔ የሰማሁት የደመወዝ ቀን መዛነፉንና የኋለኛው ጥግ መጨለሙን ነበር። ደመወዙን ወር በገባ በ30 መክፈል ጀመርኩ፣ መብራትም አስገባሁ። ማጉረምረሙ ቆመ። በዚህ ምክንያት አሳምሮ የሰፋ ግን አልነበረም።

ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤብራሃም ማስሎ እ.ኤ.አ. በ1943 የጻፈውን የፍላጎት ደረጃ ብዙ ሰው እንደ መሰላል ይጠቅሰዋል፤ መጀመሪያ ሆድ፣ በመጨረሻ ክብር እያለ። እሱ ራሱ ግን ቅደም ተከተሉ ድርቅ ያለ እንዳልሆነ ጽፏል። የቤት ኪራይ ያስጨነቃት ልጅም ኮሌታዋ ሳይሸበሸብ ሲወጣላት ትኮራለች። ኩራቷን ኪራዩ እስኪከፈል አታቆየውም።

ለእኔ መልሱን የሰጠኝ ኤድዋርድ ዲሲ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ ለተማሪዎች ከኪዩብ ቅርጾች የሚገጣጠም እንቆቅልሽ ሰጣቸው። ለአንዱ ቡድን ለፈቱት እየከፈለ፣ ለሌላው ምንም ሳይከፍል። ከዚያ በእረፍት ጊዜያቸው ማን በራሱ ፈቃድ እንደሚጫወት ታየ። ክፍያው ሲቆም፣ ተከፍሏቸው የነበሩት ለእንቆቅልሹ የሚሰጡት ጊዜ ቀነሰ። በሌላ ሙከራው በገንዘብ ፋንታ በቃል የተመሰገኑት ግን ፍላጎታቸው ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት አስቀድሞ ቃል ሲገባላቸው በኋላ ፍላጎታቸው እንደሚቀንስ፣ ሳይጠብቁት ሲሰጣቸው ግን እንደማይቀንስ አሳየ።

እባክዎ ይህን «እንግዲያው ደመወዝ አያስፈልግም» ብለው አይተርጉሙት። ሥራውን ስለሚወድ ብቻ ሰውን በትንሽ ገንዘብ ማሠራት በደል ነው። እኔ ለሱሪ የሚከፈለውን 5 ብር አስቀርቼ መደበኛውን ደመወዝ ጨመርኩ። ትርፍ ካለ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ቀድሜ ሳልናገር፣ ለሁሉም እሰጣለሁ። ነባሯ ሠራተኛ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት የማስተማሪያ ጊዜ አላት፤ ከሥራ ሰዓቷ ይቆጠራል፣ ከኮታዋም ይቀነሳል። ማንን መጀመሪያ እንደምታስተምር የምትወስነው እሷ ናት። ዲሲና ባልደረባው ሪቻርድ ራያን ሰው በራሱ መወሰንን፣ መቻልንና ከሌሎች ጋር መተሳሰርን ይሻል ይላሉ፤ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ሦስቱንም አያለሁ።

ሲያመሰግኑም «ጎበዝ» ብቻ ብለው አይለፉ። ልብሱን አንስተው «የዚህ ኪስ ጥግ አንድም መሸብሸብ የለውም» ይበሉ። ሠራተኛው ማየትዎን ያውቃል።

ግብ ሲያወጡ በቁጥር ይሁን። ጋሪ ላተም የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ግንድ የሚያጓጉዙ ሾፌሮችን አጥንቶ ነበር። መኪኖቹ ከተፈቀደላቸው ክብደት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ይጭኑ ነበር። «የተቻላችሁን አድርጉ» የሚለው ቀርቶ 94 በመቶ የሚል ግብ ሲሰጣቸው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከ90 በመቶ በላይ ደረሱ። ነገር ግን ቁጥር ዓይንን ወደ ራሱ ይስባል፤ እኔ የተጎዳሁትም በዚህ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው «እስከ ሐሙስ ማታ 40 ሱሪ፣ ተመላሽ ከ2 ያልበለጠ» የሚል ነው። ቁጥሩን ሰኞ ጠዋት ቆመን አብረን እንወስናለን፤ አንዳንዴ እኔ ካሰብኩት በላይ ይጽፋሉ፣ አንዳንዴም «ጋሼ፣ በዚህ ጨርቅ 30 ነው» ይሉኛል፣ እጽፈዋለሁ።

ሁለቱን ጥያቄዎች በየዓመቱ ጥቅምት ላይ እደግማቸዋለሁ። ባለፈው አንዱ ልጅ የከፋው ቀን የቱ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ካውያው አንድ ሆኖ ሦስት ሰው ተራ የጠበቅን ዕለት» አለኝ። በማግስቱ ሁለተኛ ካውያ ገዛሁ።