ተማሪዎች የምርመራ ድራማ ሲጽፉና ሲቀርጹ፤ ችግርና መፍትሄ

በሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች ራሳቸው የጻፉትን የምርመራ ድራማ በስልክ ቀርጸው ሲያሰሙ የሚበላሸው ነገር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያይም። ክበቡን ስመራ ደጋግሜ ያየሁትን፣ ምልክቱን አስቀድሜ መንስኤውንና መፍትሄውን በማስከተል አቀርባለሁ።

አድማጩ ሌባውን ገና በሁለተኛው ደቂቃ ያውቀዋል

ጸሐፊዎቹን «ፍንጭ አብዝታችኋል» ብሎ መውቀስ ይቀናናል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግሡ ላይ ነው። አንድ ቡድን ስለ ተሰረቀ የትምህርት ቤት ደወል ያዘጋጀውን ድራማ ስናዳምጥ፣ ዘበኛው በስልክ «መጣች እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ከአራቱ ተጠርጣሪዎች ሴቷ አንዲት ብቻ ስለነበረች፣ የቀረው ምርመራ ሁሉ በዚያች በአንዲት «ች» ፈረሰ። ግሡ ጾታን ስለሚናገር፣ ያልታወቀውን ሰው የሚመለከቱ ግሦች በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸው አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። «መጡ እንዴ?» ቢባል ሰውዬው ይሁን ሴትዮዋ፣ አንድ ይሁኑ ብዙ አይለይም፤ ነገር ግን ዘበኛው አንቱ የሚለው ሰው ከተጠርጣሪዎቹ መካከል አንድ ብቻ ከሆነ አንቱታውም ያጋልጣል። ያን ጊዜ «ዕቃው ደርሷል?» ማለት ይሻላል። ከሁሉም የሚቀለው ተጠርጣሪዎቹን በሙሉ ሴት ወይም በሙሉ ወንድ ማድረግ ነው።

መጨረሻው ማንንም አያሳምንም

ይህ የሚሆነው ፍንጩ ለዓይን እንጂ ለጆሮ ስላልተዘጋጀ ነው። ደም የነካው ሸሚዝ በሬዲዮ አይታይም፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ «ተመልከቱ፣ ሸሚዙ ላይ ደም አለ!» የሚል፣ በሕይወት ማንም የማይለውን ንግግር ያስገባሉ። በምትኩ የሚያነክስ ሰው እርምጃ ወይም የአምባር ቅጭልታ መጀመሪያ ላይ ያለ ምንም አስተያየት ይሰማ፤ ምስጢሩ ሲፈታ ይደገም። ከዚህም የረቀቀውን ፍንጭ የሚሰጠን መጥበቅና መላላት ነው። መርማሪዋ «ቁልፉ ያለው ሰፊው ቤት ነው» የሚል ደብዳቤ ስታገኝ «ፊ»ን አጥብቃ አንብባ ትልቁን ቤት ታስፈትሻለች፤ ኋላ ላይ አንድ ሕፃን አላልቶ ሲያነበው ግን ነገሩ ልብስ ሰፊው ቤት መሆኑ ይገለጣል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አየሁት» ሲል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቱ ሊሆን መቻሉም ጥሩ ማሳሳቻ ነው።

ተዋናዮቹ እንደ ንባብ ክፍለ ጊዜ ያነባሉ

ጽሑፉ የመጽሐፍ አማርኛ ሆኖባቸዋል ማለት ነው። ትዕይንቱን መጀመሪያ ያለ ወረቀት ይጫወቱት፤ ቀጥሎ አፋቸው ያወጣውን ይጻፉ። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺውን ስለሚያመለክት፣ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ ማድረግ ብዙ ድግግሞሽ ያስቀራል።

ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል

ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳና ወለል ድምፅን እየመለሱ ያስተጋባሉ። ከተናጋሪው ፊትና ኋላ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይሰቀል፤ ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ «ፐ» እና «ጰ» የሚተፉት ትንፋሽ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን ይደረግ፣ ጥሪ እንዳይገባም በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ይሁን። ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ቀረጻውን ከማቆም ሌላ መላ የለም። ዝናቡ ለታሪኩ ቢያስፈልግ እንኳ ሩዝ በብረት ትሪ ላይ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይበቃል፤ ጤፍም ይሆን ነበር፣ በዛሬው ዋጋ ግን አይሞከርም። እሳት ሲያስፈልግ ፌስታል ይጨበጥ።

ንግግር በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ድምፁ ድርግም ይላል

ዝም ያለ ክፍልም የራሱ ድምፅ አለው፤ አርትዖቱ ላይ ባዶ ቦታ ሲገባ ያ ድምፅ ይጠፋል። በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ሁሉም ጸጥ ብለው አሥር ሰከንድ ይቀረጽ፣ ኋላም በነፃ በሚገኘው ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ያንኑ ጸጥታ እየቀዱ ክፍተቶቹን መሙላት ይቻላል።