ከጅማ ተነስታችሁ አሜሪካ ለምትገቡ እናቶች፦ ዊክን እንዳታልፉት

ሰሞኑን ጅማ ነኝ። ዲቪ ደርሷቸው ቪዛ የተመታላቸው እናቶች ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ ይጠይቁኛል፣ ስለ ዊክ ግን አንድም ሰው አያነሳብኝም። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም 5 ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለሽ ግን እዚያ በደረስሽበት ሳምንት ቀድመሽ መጠየቅ ያለብሽ እሱን ነው።

ዊክ የአሜሪካ መንግሥት ለእርጉዞች፣ ለአራሶች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ ነው። በፈረንጆቹ 1972 ለሙከራ ተጀምሮ በ1975 ቋሚ ሆነ። ከወለድሽ በኋላ የማታጠቢ ከሆነ እስከ 6 ወር፣ የምታጠቢ ከሆነ እስከ 1 ዓመት ላንቺም ይሰጥሻል። ልጁ 5 ዓመት እስኪሞላው ይቀጥላል። እናት ብቻ ናት የምታስመዘግበው ያለ የለም፤ አባትም አያትም ልጁን ይዘው መሄድ ይችላሉ።

ብዙዎቹን የሚያስቀራቸው ግን እፍረት ነው። እዚህ ጤና ኬላ ላይ የልጁ ክንድ በዚያች ባለ ቀለም መለኪያ ታይቶ ቀይ ላይ ካረፈ ነው ፕላምፒነት፣ ያ ለከሳ ልጅ የሚሆነው የኦቾሎኒ ምግብ፣ የሚሰጠው። ስለዚህ እናት «ልጄ ደህና ነው፣ ምን ብዬ ልሂድ?» ትላለች። ዊክ ልጅ እስኪከሳ አይጠብቅም፤ የተቋቋመው እንዳይከሳ ነው። ባልሽ ሥራ መያዙም አያስቀርሽም። የገቢው ጣሪያ የፌዴራሉ የድህነት መስመር 185 በመቶ ስለሆነ ደመወዝ እያላቸው የሚገቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፣ ደግሞ እርጉዝ ከሆንሽ የሆድሽ ልጅም እንደ አንድ ሰው ይቆጠርልሻል። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ካገኘሽማ የገቢው ጥያቄ አልቋል።

እዚያ የቆየ ዘመድ «ግሪን ካርድሽ 5 ዓመት ሳይሞላው ምንም አይሰጡሽም» ይልሽ ይሆናል። እሱ ያለው እንደ ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጋፍ) ያለውን ነው፣ ያውም ለአዋቂዎች። ዊክ ላይ እንዲህ 5 ዓመት መጠበቅ የለም።

ቀጠሮ ለመያዝ ዊክ ቢሮ ደውለሽ «አማርኛ» በያቸው፣ አስተርጓሚ በነፃ ያገናኙሻል። አፋን ኦሮሞ የሚቀልሽ ከሆነ እሱንም ጠይቂ፣ አትፈሪ። መታወቂያ፣ አድራሻ የሚያሳይ ወረቀትና የገቢ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ዘመድ ቤት ካረፍሽ ስለ አድራሻው ምን እንደሚቀበሉ እዚያው ስልክ ላይ ጠይቂያቸው። የልጁን የክትባት ካርድ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ ይዘሽው ሂጂ።

ቢሮው ውስጥ ቁመትና ክብደት ይለካሉ፣ ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም ወስደው ደም ማነስ እንዳለ ያያሉ፣ ከዚያ ምን እንደምትበዪ ይጠይቁሻል። እዚህ ላይ የጅማ ልጅ በደንብ ትስማኝ። ስለ ቡና ስትጠየቂ እውነቱን ተናገሪ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ከምግብ ላይ ተነስተን የምንጠጣው ቡና ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት ይቀንሳል። ለእርጉዝ ደግሞ በቀን ከ200 ሚሊግራም ካፌይን እንዳያልፍ ይመከራል። ተዪው አይደለም የምልሽ፣ አሳንሺው፤ ከምግብ ጋርም አራርቂው።

ከዚያ ካርድ ይሰጥሻል። እንደ ባንክ ካርድ ሱፐርማርኬት ውስጥ በሚስጥር ቁጥር ይሠራል፣ ግን ገንዘብ ሳይሆን የተወሰነ ምግብ ነው የተጫነበት፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ ወይም ምስር፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ለአትክልትና ፍራፍሬ ደግሞ በዶላር የተወሰነ መጠን። መጀመሪያ ላይ ግራ የሚያጋባው ወተቱ ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ ቅባቱ ያልወጣ ይሰጣል፤ 2 ዓመት ሲሞላው ቅባቱ የተቀነሰ ይሆናል። የኛ እናቶች «ስቡ የወጣለት ወተት ምን ያደርጋል» ብለው ሙሉውን ያነሳሉ፣ ካሸር ጋ ሲደርሱ ካርዱ እምቢ ይላል። ጣሳው ወይም ዳቦው በመጠን ትንሽ ቢለይም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የስቴትሽን ዝርዝር ስልክሽ ላይ ጫኚና መደርደሪያው ጋ ቆመሽ አመሳክሪ። ከኋላሽ ሰልፍ አለ ብለሽ አትደንግጪ፣ ያልሆነውን መልሰሽ ሌላ ማምጣት መብትሽ ነው።

ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፤ በ2024 የወጣው አዲሱ ደንብ ጤፍን ሊፈቀዱ ከሚችሉ እህሎች ውስጥ አስገብቶታል። ዝርዝሩን የሚወስነው ስቴቱ ስለሆነ ያንቺ ስቴት ከሌለው ጠይቂያቸው፣ ደጋግመሽም ጠይቂ። እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልናል?

ለወሩ የተጫነው ሳትገዢበት ካለፈ አይመለስም፣ ወደሚቀጥለው ወርም አይዞርም።

ጡት ስለማጥባት ደግሞ አንድ ነገር። ፎርሙላ በነፃ ይሰጣሉ ተብሎ የሚፈስ ጡትን መተው በጣም ያሳዝነኛል። የምታጠባ እናት የራሷ የምግብ ድርሻ ይበዛላታል፣ ጡት ማጥባት የሚያግዙ ሴቶችም አሉ፣ ሥራ ስትጀምሪ የጡት ወተት ማለቢያ ጠይቂ። ወተት እምቢ ካለሽ ወይም ሐኪም ካዘዘ ፎርሙላው አለ፣ ማንም አይወቅስሽም።

ስቴት የምትቀይሪ ከሆነ ከመነሳትሽ በፊት ለቢሮው ንገሪና የዝውውር ወረቀት ተቀበዪ። የተመዘገብሽበት ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ አዲሱ ስቴት ከመጀመሪያው ሳያስጀምርሽ ይቀበልሻል።