«ካምቢዮው ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት

ደሴ ውስጥ አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ማርሽ አልቀይር ሲል ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ ይታወቃል። «ካምቢዮው ሞቷል፣ ያገለገለ ፈልግና እንቀይረው።» ይህን ስሰማ ያመኛል። ካምቢዮ ማውረድ ብዙ ብር ይበላል። የሚገባው ያገለገለ ካምቢዮም ከወረደው ስለመሻሉ ማንም ዋስትና አይሰጥም። ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ከካምቢዮው ውጭ ነው።

አንደኛውና የሚያንገበግበኝ ስህተት ሞተሩ መሞቁን ሳያዩ መፍረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ኮምፒውተሩ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ 4ኛ ማርሽ አይፈቅድም። ይህ አሠራሩ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጠዋት ብርዷን ታውቁታላችሁ። በዚህ ላይ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ) የማውለቅ ልማድ አለ። መኪና በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሀረጎ ዳገት ላይ አንዴ ከልክ በላይ ከሞቀ ቴርሞስታቱ ይነቀልና «እዚህ አገር አያስፈልግም» ይባላል። ያስፈልጋል! ቴርሞስታት ከሌለ ውሃው ሞተሩ ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ይዞራል። ሞተሩ በብርድ በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም፤ ኮምፒውተሩም 4ኛውን አይለቅም። ከዚያ ጤነኛ ካምቢዮ ይወርዳል።

አንድ ኮሮላ የሚነዱ ደንበኛ ካምቢዮ ይቀየር ተብለው ወደ እኔ መጡ። «ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ 4ኛ አይገባም። ማታ ደሴ ስመለስ ከተማው ውስጥ ደህና ነው» አሉኝ። መልሱ እዚያው ንግግራቸው ውስጥ ነበር። ጠዋት መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ሞተሩ ሳይለፋ፣ ሳይሞቅም ይወርዳል። ማታ የሀረጎ ዳገት ያሞቀዋል። «አብሽሩ ጋሼ» ብዬ ቴርሞስታት አስገባሁላቸው። ካምቢዮው አልተነካም። ጀማሪ ልጆች፣ እባካችሁ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። መቼ ነው የሚያስቸግረው? ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ?

ሁለተኛው፣ የካምቢዮ ዘይትን እንደ ሞተር ዘይት መለካት። ደሴ ላይ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፈልጉ። መለኪያ ባላቸው ቶዮታዎች ላይ ዘይቱ የሚታየው ካምቢዮው ሞቆና ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ነው። ፍሬን ይዛችሁ ማርሹን በየቦታው አዙሩና ፒ ላይ መልሱት፤ ከዚያ ለኩ። ሆንዳ ላይ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ዘይቱን አሽትቱትም። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ የውስጡ ፍሪሲዮን (ክላች) ተጎድቷል። ቀለሙ ወተት የገባበት ሮዝ ከመሰለ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታልና መኪናውን አታንቀሳቅሱ።

ዘይት ጎድሎ ከሆነም ሱቅ የተገኘውን አትጨምሩ። ዴክስሮን 3፣ ቲ-4 እና ደብልዩ ኤስ የሚባሉት የካምቢዮ ዘይቶች አንድ አይደሉም። ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራው ካምቢዮ) ደግሞ የራሱ ዘይት አለው።

«ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት (ኦ/ዲ ማለት ኦቨርድራይቭ፣ እዚህ 4ኛው ማርሽ ነው) ብልጭ ድርግም እያለ ዝም ብሎ መንዳት ሌላው ስህተት ነው። ኮምፒውተሩ ጥፋቱን መዝግቦ ይዞላችኋል። በአሮጌ ቶዮታ ላይ ለማንበብ ስካነር እንኳ አያስፈልግም። ኮፈን ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኙ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፤ የኦ/ዲ ማብሪያውም በርቶ ይሁን። ከዚያ ብልጭታውን ቁጠሩ። 42 (4 ብልጭታ፣ ከትንሽ ፋታ በኋላ 2) የፍጥነት ሴንሰር ነው። 62 እና 63 የማርሽ ሶሌኖይዶች (ዘይቱን የሚከፍቱና የሚዘጉ የኤሌክትሪክ ቫልቮች)፣ 64 ደግሞ የሎክአፕ (ሞተሩንና ካምቢዮውን አጥብቆ የሚያያይዘው ክላች) ሶሌኖይድ ነው። ሶሌኖይድ ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውንና ሶኬቱን እዩ።

ዲ ስታስገቡ «ጓ» የሚል ድምፅ ካለ የሞተር ሱፖርቱን (ሞተሩ የተቀመጠበትን ጎማ) እና የሚኒሞውን ከፍታ ማየት አስቀድሙ። ዳገት ላይ መንቀጥቀጥ ከሆነ ካንዴላውን እዩ።

ሀረጎን ስትወጡ ካምቢዮው በ3ኛና በ4ኛ መካከል ከተመላለሰ አትደንግጡ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ይደክማል። ኦ/ዲውን ዝጉትና በ3ኛ ይውጣ። ስትወርዱም ወደ 2 አውርዱት፤ ፍሬናችሁ ያርፋል።

መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም ደግሞ፣ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች መሬት ነክተው በገመድ አታስጎትቱ። ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ፓምፕ ስለማይሠራ ዘይት አይዞርም፤ ደህና የነበረው ካምቢዮ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ይቃጠላል። ሞተሩ የሚያዞራቸውን ጎማዎች አስነሱ፣ ወይም መኪናውን አስጭኑት።