መድኃኒት ለመውሰድ ከኮምቦልቻ ደሴ ለምትመላለሱ

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለመውሰድ የሐረጎን ዳገት እየወጣችሁ ደሴ የምትመላለሱ፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ነርሷን «በቡድን መውሰድ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። አሠራሩ በ2008 እ.ኤ.አ. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ክፍለ ሀገር ውስጥ የተጀመረ ነው፤ እስከ 6 የሚደርሱ የአንድ አካባቢ ታካሚዎች ይሰባሰቡና ተረኛው ሄዶ የሁሉንም ያመጣል፣ እግረ መንገዱንም ራሱ ይታያል። በአገራችንም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በታካሚው የሚመራ ቡድን አለ። መድኃኒቱ የተስማማውና የቫይረስ መጠኑ የወረደ ሰው ነው የሚገባበት።

አባል ስትመርጡ ከጉርብትና ይልቅ ምስጢር ጠባቂነትን አስቀድሙ። እኔ ከሁሉም በላይ የምለው ይሄንን ነው፤ አንድ አፈ ቀላል ሰው ቡድኑን ይበትነዋል።

ስትገናኙ ቡናው እስኪፈላ የተረፈውን ክኒን አብራችሁ ቁጠሩ። ያልዋጠ ካለ አትቆጡት፣ ለምን እንደዘለለ በቀስታ ጠይቁት። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲቃረብ የመዋጫ ሰዓት መቀየር የሚፈልግ ሰው ጾሙ ሳይገባ ባለሙያ ያማክር፤ በራሱ አያቋርጥ።

የማይለቅ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ደግሞ ተራ አይጠብቅ፣ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።