«ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲሉህ እጅህን ቶሎ ኪስህ አትክተት

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዛ ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ የምትሰማው «ኮር አይ ሰቨን ነው» የሚለውን ነው። ይህ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል ስም ነው። እሺ፣ ስንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)? ይህን ሳትጠይቅ ዋጋ አትነጋገር።

እኔ ሳልጠይቅ ገዝቼ ነው የማወራው። አይ7-7500ዩ የሚል ማሽን፣ አይ ሰቨን ስለተባለ ብቻ፣ ደስ ብሎኝ ይዤ ቤት ገባሁ። የአክስቴ ልጅ በዚያው ሰሞን አይ5-8250ዩ ያለበትን ከእኔ ባነሰ ዋጋ ገዛ። አንድ ቀን አንድ ዓይነት ቪዲዮ ጎን ለጎን ኤዲት ስናደርግ እሱ ጨርሶ ቡናውን ይጠጣል፣ የእኔው ፋኑ እየጮኸ ገና ግማሽ ላይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። 7500ዩ ያለው 2 ኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብቻ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው 8250ዩ ግን 4 አለው። ኢንቴል ለስስ ላፕቶፖች የሚሠራቸውን የ«ዩ» ፕሮሰሰሮች፣ አይ ፋይቩንም አይ ሰቨኑንም፣ እስከ 7ኛው ጀነሬሽን ድረስ በ2 ኮር ሲያወጣ ቆይቶ 8ኛው ላይ ነው እጥፍ ያደረገው።

ስለዚህ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብብ። 8250 ማለት 8ኛ፣ 6300 ማለት 6ኛ ነው። በ1 ከጀመረ ሁለት አሃዝ ውሰድ፤ 10210 10ኛ ነው፣ 1135 ደግሞ 11ኛ። መጨረሻ ላይ «ዩ» ካለ ባትሪ ይቆጥባል፣ «ኤች» ካለ ጉልበት አለው ግን ይሞቃል፣ ባትሪም ይበላል። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር በሆነው ራይዘን ላይ ይህ ሒሳብ አይሠራም። ለምሳሌ ራይዘን 5 7520ዩ በስሙ ከ5600ዩ አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ዜን 2 የሚባለው የቆየ ንድፍ ነው፣ ያውም 4 ኮር። 5600ዩ ዜን 3 ሆኖ 6 ኮር አለው። እኔ ብሆን 5600ዩን ነው የማነሳው።

ስቲከሩን አትመን፣ ተነቅሎ ይለጠፋል። ማሽኑን አስከፍትና ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ሲመጣ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ በል። ቀኝ በኩል ከላይ ሙሉ ስሙ ተጽፏል፣ ከታች ደግሞ የኮሩ ብዛት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «ቻርጅ የለውም» ምናምን ካሉህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

8ኛው ጀነሬሽን ሌላም ነገር አለው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ጀምሮ ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። «11 ተጭኖበታል» ቢሉህ ማስረጃ አይደለም፤ አሮጌ ማሽን ላይም በጓሮ በር ይጫናል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው። ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ላፕቶፕ አይተህ ዋጋው ረከስ ካለ ፕሮሰሰሩን ጠይቅ። ሴሌሮን ኤን4020 ከሆነ 2 ኮር ነው፣ ብዙ ጊዜ ራሙም 4 ጊጋ ነው፤ ክሮም ላይ አምስት ስድስት ገጽ ስትከፍት መንገታገት ይጀምራል። በዚያ ብር ያገለገለ 8ኛ ጀነሬሽን አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማከማቻ) ያለው ካገኘህ አትጠራጠር። አዲስ የግድ ካልክ ግን አይ3-1215ዩን አትናቀው። «አይ ስሪ» ስለተባለ ሰው ያልፈዋል እንጂ 6 ኮር አለው፣ የእኔን አይ ሰቨን በቁሙ ይውጠዋል።

ዎርድ እና ኤክሴል ብቻ ከሆነ ሥራህ 6ኛ ወይም 7ኛውም ኤስኤስዲ ካለው ያገለግልሃል፣ በርካሽ ካገኘኸው። ብቻ አንድ ነገር፦ ራምና ኤስኤስዲ በብዙ ማሽን ላይ በኋላ ይጨመራል፣ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ግን ቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ አይቀየርም። ብርህ ካልበቃ ራሙን ቀንስ።