በመጸው ወራት ከኦሽን ሲቲ ወጥቶ ቱና ማጥመድ

ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ የምትርቀው የሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ፣ በመስከረምና በጥቅምት ባለቢጫ ክንፍ ቱና ለማጥመድ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መነሻ ናት። ዓሣው የሚገኘው ግን ከባሕሩ ዳርቻ 60 ማይል ገደማ ርቆ፣ ወለሉ በድንገት ወደ ጥልቁ በሚወርድባቸው እንደ ባልቲሞር ካንየንና ዋሽንግተን ካንየን ባሉ የባሕር ውስጥ ሸለቆዎች ጠርዝ ላይ ነው።

በራስዎ ጀልባ የሚወጡ ከሆነ አስቀድመው ከፌዴራሉ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ከኖኣ ፈቃድ ማውጣት ይኖርብዎታል፤ በኪራይ ጀልባ ለሚሄዱ ግን የጀልባው ፈቃድ ይበቃል። ለመዝናኛ አጥማጆች የተፈቀደው በሰው በቀን 3 ዓሣ ሲሆን፣ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ መንታ ድረስ በሰውነቱ ላይ ሲለካ ከ27 ኢንች ያነሰው ወደ ባሕር ይመለሳል። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመውጣትዎ በፊት ያረጋግጡ።

የአየር ትንበያውን ሲያዩ የማዕበሉን ከፍታ ብቻ አይመልከቱ። በ9 ሰከንድ ልዩነት የሚመጣ የ4 ጫማ ማዕበል ጀልባዋን በእርጋታ ሲያነሣ፣ ያው ከፍታ በ5 ሰከንድ ልዩነት ሲመጣ ጉዞውን አድካሚ፣ ለትንሽ ጀልባም አደገኛ ያደርገዋል። ሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ከበረታ ጉዞውን መሰረዝ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሸለቆው ሰፊ ስለሆነ የት እንደሚቆሙ የሚወስነው የውኃው ሙቀት ነው። የሳተላይት ካርታ ላይ ሞቃቱ ሰማያዊ ውኃ ቀዝቃዛውንና አረንጓዴውን የሚገናኝበትን መስመር ይፈልጉ፤ ትናንሽ ዓሦችና ስኩዊድ የሚባሉት ባለብዙ እጅ የባሕር እንስሳት በዚያ ስለሚከማቹ ቱናውም ይከተላቸዋል።

በዚህ ወቅት እኔ የምመርጠው ሞተር አጥፍቶ በውኃው ፍሰት እየተንሳፈፉ በተርፊሽ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ወይም የሰርዲን ቁራጭ መጣልን ነው። አውራ ጣት የሚያክል ቁራጭ ይጣሉ፤ እየሰመጠ ከዓይን ሊሰወር ሲል ቀጣዩን ያስከትሉ። ቁራጭ ከበዛ ዓሣው ይጠግባል፣ ከተቋረጠ ደግሞ ጥሎ ይሄዳል። መንጠቆ ያለበት ቁራጭ ከሌሎቹ እኩል መስመጥ አለበት፤ ስለዚህ ክሩን ከመጠቅለያው በእጅዎ እየሳቡ ሳይወጠር ይልቀቁት፣ ምክንያቱም የቱና ዓይን ስለታም ስለሆነ በክር ተይዞ የቆመውን ቁራጭ ለይቶ ያልፈዋል። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ከተጠቀሙ፣ ክሩ በድንገት መፍጠን ሲጀምር ዘንጉን መንጭቀው አይሳቡ፤ መጠቅለያውን ቆልፈው ዝም ብለው ያጠንጥኑ፣ መንጠቆው ራሱ የአፉን ጥግ ይይዛል።

ብዙ ሰው ችላ የሚለው ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ቱና ከአብዛኞቹ ዓሦች በተለየ የሰውነቱን ሙቀት ይዞ የሚያቆይ በመሆኑ፣ በትግሉ የጋለው ሥጋ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል፤ ያኔ የሚፈጠረው ሂስታሚን ደግሞ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። ስለዚህ ዓሣው ጀልባ ላይ እንደወጣ ከጎን ክንፉ ኋላ ወጋ አድርገው ደሙን ያፍስሱ፣ ስንጥቡንና ሆድ ዕቃውን ያውጡ፣ ከዚያም በረዶና የባሕር ውኃ በተቀላቀለበት ሣጥን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይንከሩት። ወደ ቤት ሲመለሱም ሥጋውን በላስቲክ ጠቅልለው በረዶ ውስጥ ይቅበሩት፤ የቀለጠው ውኃ ወደ ሥጋው እንዳይገባ የሣጥኑን ማፍሰሻ ክፍት ያድርጉት።